ብርድ ነው አሉኝ

በዓመት አንድ ቀን የበግ ሳንባ በፌስታል ይዤ ክፍል እገባለሁ። አምቦ ውስጥ ሳንባ ብሎ የሚገዛ ሰው ስለሌለ ባለልኳንዳው ሁልጊዜ «ለውሻ ነው አይደል፣ መምህርት?» ይለኛል። «ለተማሪ ነው» ስለው ሁለታችንም እንስቃለን። የብስክሌት ጎማ መንፊያ በጉሮሮው ቧንቧ ሰክቼ ስነፋው ያ የተኮማተረ ቁራጭ ቀስ እያለ ያብጥና ይነጣል፤ የኋላ ወንበር ላይ የሚያንቀላፉት ሳይቀሩ ቆመው ያዩታል።

መጽሐፉ በእንግሊዝኛ ነው፤ እኔ ኦሮምኛና አማርኛ እያቀላቀልኩ አፍታታዋለሁ። ሳንባ የራሱ ጡንቻ የለውም እላቸዋለሁ። ከሥሩ ያለው ድያፍራም ወደ ታች ሲወርድና ጎድን ሲሰፋ ቦታ ያገኛል፤ አየር የሚገባለት ያኔ ነው። አየሩ እየቀጠኑ በሚሄዱ ቧንቧዎች አልፎ በዓይን የማይታዩ ትንንሽ ከረጢቶች ይደርሳል፤ እዚያ ደም ኦክስጅኑን ይወስድና የተቃጠለውን አየር ይመልሳል። የአፍንጫ ጸጉር አቧራ ይይዛል፣ አክታም የራሱን ያህል ይጠርጋል፤ ከእነሱ ያመለጠ ግን ከረጢቱ ድረስ ይገባል። ሳንባ አይመርጥም፤ ቤቱ ውስጥ ያለውን አየር ነው የሚስበው።

ይህን ሁሉ እያስተማርኩ በገዛ ቤቴ ግን ሳንባ የሚባል ነገር አልነበረም። የነበረው ብርድ ነው።

በእኛ ቤተሰብ ከወገብ በላይ ያለ ሕመም ሁሉ ብርድ ነው። ጌዶ ያለችው እናቴ በኦሮምኛ «ቆራ» ትለዋለች፤ ያው ብርድ ማለት ነው። አስም ይዞት ደረቱ የሚያፏጭ ሰው ብርድ ገብቶታል። የሳንባ ምች ይዞት የሚቃዥ ሕፃን ብርድ መቶታል። ሳንባ የሚለው ቃል የሚወጣው ስለሰው ቤት በሹክሹክታ ሲወራ ብቻ ነው፤ «ሳንባዋን ነው አሉ» ከተባለ የዚያ ቤት ጠላ አይጠጣም፣ ልጃቸውንም ለጋብቻ የሚጠይቅ አይገኝም።

ታላቅ እህቴ ከባሏ ተለያይታ ከጌዶ ወደ እኔ የመጣችው ኮሮና አልፎ ሰው ጭምብሉን ጥሎ በነበረበት ጊዜ ነው። ደስ አለኝ። እኔና ባለቤቴ ሥራ ስንውል ልጄን የምታይልኝ አገኘሁ፤ ልጄም አክስቷን ካየች እኔን አታውቀኝም ነበር። አልጋቸው አንድ ሆነ። እህቴ በገበያ ቀን ጊንጪ ሄዳ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ትነግዳለች፤ በሌላው ቀን ቤት ናት። ታስላለች። «ምንድን ነው?» ስላት «ብርድ ነው፤ የጊንጪ ንፋስ» ትለኛለች። ሐኪም ቤት እንሂድ ስላት «ሄጃለሁ እኮ፣ ብርድ ነው ብለውኛል» ትላለች። እናቴ ስትደውል ብርድ ነው ትላለች። ባለቤቴም ብርድ ነው ይላል። ሦስት ሰው አንድ ቃል ሲናገር እንዴት አላምንም?

ደስ ያላለኝ አንድ ነገር ነበር። ከእኛ ጋር ከአንድ ትሪ አትበላም። የራሷ ሳህን፣ የራሷ ማንኪያ፣ የራሷ ክዳን ያለው ሰማያዊ ኩባያ ነበራት። «ሆዴን ስለሚያመኝ ነው» ትላለች። ልጄ ኩባያዋን ከነካች እጇን መታ ታደርጋታለች፣ ከዚያ ደግሞ ደንግጣ ትስማታለች። እኔ ንቀት መሰለኝ። በቤቴ ተቀምጣ ማዕዴን አልቆርስም የምትል እህት ምን ትባላለች እያልኩ ውስጥ ውስጡን አኮረፍኩ። ባለቤቴን «ምን ሆናለች?» ስለው «ተያት፣ እህትሽ እኮ ናት» ብሎ ፊቱን ያዞራል።

ማታ ማታ ደግሞ ልጄን አቅፋ ትተኛለች። ከመተኛቷ በፊት የመስኮቱን ስንጥቅ በጨርቅ ትወትፋለች፣ በበሩ ሥር አሮጌ ጋቢ ትጎዘጉዛለች፤ ልጅቷን ብርድ እንዳይመታት። እዚህ አገር መስኮት ጠላት ነው። በኮሮና ጊዜ ረዳቶቹ ራሳቸው የሚኒባሱን መስኮት ይከፍቱ ነበር፤ ኮሮና ሲረሳ እሱም አብሮ ተረሳ። ዛሬ ከጊንጪ እስከ አምቦ አንዲት ጣት የምታህል ክፍተት ብትተው ከኋላ «ኧረ ዝጉት፣ ልታስመቱን ነው!» ይባላል። የሚያስለውን ሰው ግን ማንም አይናገረውም።

ልጄ ትምህርት ቤት በገባች ዓመት መክሳት ጀመረች። ጥርሷ ስለሚነቀል ነው አልን። ምግብ ጠላች፣ ማታ ታተኩስና ጠዋት ደህና ትሆናለች፣ ሳሏም አልለቅ አለ። ክሊኒክ ወሰድኳት፤ የሳንባ ምች ነው ተብሎ ሽሮፕ ታዘዘ። ጨረሰችው፣ ለውጥ የለም። ሌላ ተቀየረ፣ አሁንም የለም። የዩኒፎርሟ ቀሚስ ከትከሻዋ እየተንሸራተተ ሲያስቸግረኝ ባለቤቴን ይዤ ሆስፒታል ሄድን።

ያየችን ጤና መኮንን ልጅ እግር ናት። የልጄን ደረት አዳመጠች፣ አንገቷን ዳሰሰች፣ ሚዛን ላይ አቆመቻት፣ ራጅ ላከቻት። ራጁን ብርሃኑ ላይ ሰቅላ ካየች በኋላ ወደ እኔ ዞረች።

«አዴ፣ ቤት ውስጥ ቆየት ያለ ሳል ያለበት ሰው አለ?»

«እህቴ ትንሽ ብርድ አለባት» አልኩ።

ይህን ስል ባለቤቴን አየሁት። የልጄን ጫማ ያያል። ጫማው ምንም አልሆነም፣ ክሩም ታስሯል፤ እሱ ግን አየት አድርጎ አልተወም፣ ዓይኑን ተክሎ ቀረ። የጤና መኮንኗ እኔን ትታ እሱን መጠየቅ ጀመረች። አውቃ እንደሆነ አላውቅም።

«ቲቢ ነው» አለ፣ ለእሷ። ለእኔ አይደለም። «መድኃኒት ጀምራ ነበር።»

ውጭ፣ የሆስፒታሉ ግቢ ያለው ግራር ሥር፣ ሁሉንም ነገረኝ። እህቴ በሽታው የተነገራት እኔ ቤት እንደመጣች ነው። አምቦ ጤና ጣቢያ በየቀኑ ሄዳ መድኃኒት ብትውጥ ሰው ያያታል፤ ስለዚህ ጊንጪ ነዋሪ ነኝ ብላ እዚያ ጀመረች፤ የሳምንቱን ክኒን በገበያ ቀን ይሰጧታል። የሽንኩርቱ ንግድ የመጣው ከዚያ በኋላ፣ ለመንገዱ ሰበብ እንዲሆን ነው። እናቴ ታውቃለች። እሱም ያውቃል፤ መናኸሪያ ድረስ በሞተር የሚያደርሳት እሱ ነበር። ሳሉ ቀለል ሲላት መንገዱ ሰለቻትና ክኒኑን ተወችው። ሳሉም ተመለሰ።

«ለምን አልነገርከኝም?»

«አስምላኝ ነበር። ራስሽን ታውቂዋለሽ እኮ። ልጅቷን ትነጥቀኛለች ብላ ፈራች።»

«አዎ እነጥቃት ነበር!» ብዬ ጮህኩ። ወረፋ የያዘው ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። «አክታዋ እስኪነጻ እነጥቃትና ከዚያ እመልስላት ነበር። መድኃኒቱን በወጉ የሚወስድ ሰው እኮ ከጥቂት ሳምንት በኋላ አያስተላልፍም። ይህንን የማስተምረው ለማን ነው?»

ያን ጊዜ የበሽታው ነገር ብዙ አላስፈራኝም፤ እንደሚድን አውቃለሁ። ያንገበገበኝ ሦስቱ ተቀምጠው፣ ስለኔ ልጅ፣ እኔን ትተው መምከራቸው ነው። አብሬያቸው በልቻለሁ፣ አብሬያቸው ስቄያለሁ፤ ለካ ዝም የሚሉት እኔ ስገባ ነበር።

ቤት ስገባ እህቴ ጓሮ ልብስ ታጥባለች። ፊቴን አይታ ገባት። አልካደችም። እጇን በቀሚሷ እያበሰች ቆመችና፣

«ኩባያዬን ለይቼ ነበር እኮ» አለችኝ። «ማንኪያዬንም። አንድ ቀን እንኳ አላስነካኋትም።»

ስታለቅስ አይቻት አላውቅም፣ ያን ቀን አለቀሰች። እንደምትወዳት አውቃለሁ። በኩባያ የማይተላለፈውን በኩባያ ስትጠብቅ፣ በአየር የሚመጣውን ደግሞ መስኮት ወትፋ ከልጄ ጋር በአንድ ብርድ ልብስ ውስጥ አቀፈችው። አንዴ ብትጠይቀኝ በሁለት ዓረፍተ ነገር እነግራት ነበር። ለሰው ልጅ ሁሉ ስነግር የኖርኩትን ለእህቴ እንዳልነግር ያደረገችኝ እሷ ናት፤ ይቅር ያላልኳትም ለዚህ ነው። ሰዎች «አስተማሪ ሆነሽ እንዴት ሳታውቂ?» ይሉኛል። የተደበቀ ነገር ዲግሪ አይቶ አይገለጥም እላቸዋለሁ።

ልጄ መድኃኒቷን ጀመረች። ውኃ ውስጥ የሚሟሟ፣ የፍራፍሬ ጣዕም ያለው ክኒን ነው፤ አላስቸገረችኝም። ሕፃናት ብዙም እንደማያስተላልፉ ተነግሮን ትምህርቷም አልተቋረጠም። ጤና መኮንኗ ሽንቷ ብርቱካናማ እንደሚሆን ነግራኝ ስለነበር እንዳትደነግጥ ብዬ አስቀድሜ ነገርኳት።

«አውቃለሁ» አለችኝ። «የአክስቴም እንደዚህ ነበር።»

«መቼ አየሽ?»

«ድሮ። ሽንት ቤት አብረን ስንሄድ። ለእማዬ እንዳትነግሪያት ብላኛለች።» ከዚያ ብርጭቆዋን አስቀምጣ ቀና ብላ አየችኝ። «አልነገርኩሽም እኮ» አለች። እንድመርቃት የምትጠብቅ ነበር የሚመስለው። ምስጢሩን ከያዙት አራተኛዋ ልጄ ነበረች።

እህቴ መድኃኒቷን አምቦ፣ ሰው እያያት፣ ከመጀመሪያው ጀምራ ጨረሰችና ወደ ጌዶ ተመለሰች። ድናለች። ከባለቤቴ ጋር አንድ ቤት ነን፤ ገበያ ሄጄ ነበር ሲለኝ ግን እጁን አያለሁ፣ ምን ይዟል ብዬ። እናቴ ዛሬም ስትደውል የልጄን ጤንነት የምትጠይቀው «ብርዱ ተዋት ወይ?» ብላ ነው። የመኝታ ቤቱን መስኮት እኔ እከፍታለሁ፣ ማን እንደሚዘጋው ሳላውቅ ተዘግቶ አገኘዋለሁ።

ልጄ ወፍራለች፣ ዩኒፎርሟ ጠቧታል፤ በመጨረሻው ምርመራ ሳንባዋ ንጹሕ ነው ተብሏል። ባለፈው ሰሞን ቁርስ ስትበላ ሳል አሳላት። አንድ ጊዜ፣ ከዚያ ደግሞ። ዳቦውን ይዤ ዞርኩ። ገና ምንም ሳልጠይቃት አፏን በእጇ ሸፍና፣ ልክ እንደ አክስቷ ዓይኗን ወደ ጎን ሸሸት አድርጋ፣

«ብርድ ነው እማዬ» አለችኝ።