በግድግዳው የምታልፈው ባቡር

የኔ ሰውዬ የውሃ ቆጣሪ አንባቢ ነው። ቀኑን ሙሉ በየሰው ግቢ ውሻ ሲያባርረው ውሎ ይገባል፤ ጫማውን በር ላይ ያወልቅና እህል ሳይቀምስ በቀጥታ ወደ ጠረጴዛው ይሄዳል። ጠረጴዛው ላይ ባቡር አለች። ከነፉርጎዎቿ ክንድ የምታክል፣ በኤሌክትሪክ የምትሄድ፣ አባቱ ትተውት የሞቱት ባቡር። የሌላ ሴት ባል መጠጥ ቤት ያመሻል፣ የኔው ሐዲድ ላይ አጎንብሶ ያመሻል። የትኛው እንደሚሻል እስከ ዛሬ አልቆረጥኩም።

ትሄዳለች ስላችሁ ደግሞ ዝም ብላ የምትሄድ እንዳይመስላችሁ። ከምትሄደው የምትቆመው ይበልጣል። አቧራ ካገኘች ትቆማለች። የምንጣፍ ክር እግሯ ላይ ከተጠመጠመ ትቆማለች። ሐዲዱ ላይ ያች ጥቁር እድፍ ከተጋገረች መብራቷ ብልጭ ድርግም ይልና ተንገዳግዳ ትቆማለች። ያን ጊዜ ሰውዬው በጣቱ ገፋ ያደርጋታል፤ ሁለት ስንዝር ሄዳ ደግሞ ትቆማለች። በብርጭቆ ወረቀት ይፈትጋል፣ በአልኮል ይወለውላል፣ ካቻቢቴ አንስቶ ሆዷን ይፈታል። አንድ ጊዜ እኔ ሞኟ ደግ የሰራሁ መስሎኝ፣ እሱ ስራ እንደሄደ ሐዲዱን ዙሪያውን የስፌት መኪና ዘይት ቀባሁለት። ማታ ሲያስነሳት እግሮቿ ባሉበት ይሽከረከራሉ እንጂ ንቅንቅ የለም። ለካ ዘይት ኤሌክትሪኩንም ይከለክላል፣ እግሯንም ያንሸራትታል። ሳምንቱን ሙሉ እሱ ሲጠርግ፣ እኔ ሳጉረመርም ከረምን።

ይሄ ሁሉ ግን ከግድግዳው ጋር ሲተያይ ምንም አልነበረም።

ባሌ አንድ ታላቅ ወንድም አለው። እኔም እሱም ጋሼ ነው የምንለው። ቁልፍ ሰሪ ነው፤ ገበያው መግቢያ ላይ አንድ ሰው ብቻ የምትይዝ የቆርቆሮ ሱቅ አለችው። ሳያገባ ያረጀ፣ ቁጡ፣ ግን እጀ ወርቅ ሰው ነው። አባታቸው ሲሞቱ ቤቱ ለሁለቱ ቀረ። ጋሼ ተሽጦ እንካፈል አለ፤ ባሌ አባባ የሞተበትን ቤት አላሸጥም አለ። ከዚህ ከዚያ ሲባባሉ፣ ገና ለቅሶ ደራሹ ከቤት ሳይወጣ፣ ባሌ ወንድሙን "አንተማ አባባ እስኪሞት ስትጠብቅ ነው የኖርከው" አለው። ይሄ አይባልም። አባታቸው አልጋ ላይ ሲውሉ ያገላበጣቸው፣ ያጠባቸው ጋሼ ነበር። ምን ያደርጋል፣ ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ጋሼ በማግስቱ ግንበኛ ይዞ መጣና ሳሎኑን እኩል ለሁለት በብሎኬት አስከፈለው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሁለቱ ቃል ተነጋግረው አያውቁም።

ችግሩ የባቡሯ ጠረጴዛ ሳሎኑ መሃል መሆኑ ነበር። አባታቸው ዕድሜያቸውን ሙሉ የባቡር ጋራዥ ውስጥ ብረት ሲቀጠቅጡ የኖሩ ሰው ናቸው፤ ሐዲዱን ዙሪያውን የዘረጉት በገዛ እጃቸው ነው። አንዱ ለአንዱ አይለቅም። ግንበኛው ብሎኬቱን ደርድሮ ቢጠብቅ ቢጠብቅ የሚናገረው አጣ። በመጨረሻ ጠረጴዛው በመጋዝ ለሁለት ተቆረጠና ግድግዳው ላይ ሐዲዱ የሚያልፍበት ቀዳዳ ተተወ። ግንበኛው እየሳቀ ሄደ። እኔ ያን ቀን መሳቅ አልሆነልኝም።

እንግዲህ ባቡሯ እኛ ጋ ትነሳለች፣ በቀዳዳው በአንዱ ጎን ትገባለች፣ ጋሼ ጋ ዞራ በሌላው ጎን ትመለሳለች። የኛ ሐዲድ ከኛ ትራንስፎርመር፣ የሱ ሐዲድ ከሱ ትራንስፎርመር ነው ኤሌክትሪክ የሚያገኘው። ሁለቱም ካላበሩ አታልፍም። ስለዚህ ሰላም የማይባባሉት ሰዎች በየማታው ከስራ ሲገቡ እኩል ያበራሉ። የጋሼ ትራንስፎርመር እርርር ሲል በቀዳዳው ይሰማናል፤ ያኔ ባሌ ለማንም ሳይሆን "ገብቷል" ይላል። በዚያ ቀዳዳ ቃልም ያልፍ ነበር፤ ግን ከባቡር በቀር ያለፈበት የለም። ጋሼ ደግሞ ቤቱ እንዳይታይ ብሎ ከአሮጌ የመኪና ጎማ ካላማዳሪያ መጋረጃ ቆርጦ፣ እንደ ዘርፍ ሸንሽኖ ሰቅሎበታል። ባቡሯ በአፍንጫዋ ገፍታው ትገባለች።

መከራው ያ የተቆረጠው ቦታ ነው። በደረቁ ጊዜ እንጨቱ ይሸሽና ሐዲዱ መሃል ክፍተት ይሆናል፤ ዝናብ ሲመጣ ያብጥና የሐዲዱ ጫፍ ብቅ ይላል። የጥፍር ውፍረት ይበቃታል፣ ትወድቃለች። ማንም ያላወጀው ሕግ ነበራቸው፤ ከግድግዳው ወዲህ ከወደቀች ባሌ ያነሳል፣ ወዲያ ከወደቀች ጋሼ ያነሳል። ጥፋቱ ግን ሁልጊዜ የዚያኛው ነው። ባሌ የራሱን ጫፍ በሞረድ ዝቅ ያደርጋል፣ ጋሼ ሳያውቅ የራሱን ከፍ ያደርጋል፣ በማግስቱ ባቡሯ በአፍንጫዋ ትደፋለች። ባሌ ይሳደባል፤ የሚሳደበው ለኔና ለግድግዳው ነው። ጋሼም መንገድ ላይ ሲያገኘኝ ጤናዬን ጠይቆ ሳያበቃ "ያን ድንጋይ ራስ ባልሽን ሐዲድ በመዶሻ አይቃናም በይው" ይለኛል። እኔ የማንም መልእክተኛ አይደለሁም እላለሁ። ግን አደርስ ነበር።

አንድ ጊዜ አክስታቸው ልታስታርቃቸው መጣች። መጀመሪያ እኛ ጋ፣ ቀጥሎ ሰፈሩን ዞራ ጋሼ ጋ ገባች፤ የሱ በር በኋላ በኩል ባለው መንገድ ነው። ላብ አጥምቋት ተመለሰች። ሁለቱም ይቅር ለመባባል ፈቃደኞች ናቸው፣ ብቻ ያኛው መጀመሪያ ሐዲዱ በሱ በኩል መጣመሙን ይመን ይላሉ። አክስትየው ነጠላዋን አራግፋ "ሁለት ሽማግሌ በአንድ መጫወቻ፤ ያልሰማሁት ጉድ አልቀረም" ብላ ሄደች። ደግማ አልመጣችም።

እኔ ግን ተስፋ የማደርግበት አንድ ነገር ነበረኝ። ጋሼ ባቡሯ ስትደርስለት ጥግ ላይ ያቆማትና እግሮቿን በጨርቅ ጠርጎ ነው የሚመልሳት። ጥቁር ሆኖ የሄደ እግሯ እያበራ ይመለሳል። ባሌ ያያል፣ በጥፍሩም ነካ ያደርገዋል፣ ስለሱ ግን አንድም ቀን ትንፍሽ ብሎ አያውቅም። ሰው የጠላውን ሰው ባቡር አይጠርግም እል ነበር በሆዴ። አንድ ማታ አንዳቸው ይሰለቸውና በቀዳዳው "እንዴት ዋልክ" ይላል፤ ያቺ ቃል ብቻ ትበቃኛለች። የምፈራው እርጅና እንዳይቀድማቸው ነበር።

በዚያ ክረምት ዝናቡ በረታ፣ ባቡሯም በየማታው ስትደፋ ከረመች። በመጨረሻ ባሌ የእረፍት ቀኑን ሙሉ ተንበርክኮ የኛን ጫፍ ፈታ፣ ከስሩ ካርቶን ደረደረ፣ በውሃ ልክ ለክቶ አስተካከለው። ወገቡን ይዞ ሲነሳ ከእንግዲህ ብትወድቅ የሱ ጥፋት እንዳልሆነ፣ ደግሞ እጁን ቢሰድ የአባቱ አጥንት እንዲወጋው ማለ። እልህ ምላጭ ያስውጣል ይባላል፤ የኔው ሰውዬ ምላጩን በደስታ ነው የዋጠው።

በማግስቱ ማታ የጋሼ ትራንስፎርመር ጮኸ። ባሌ ባቡሯን አስነሳት። ቀዳዳው ውስጥ ገባች፣ የመጨረሻዋ ፉርጎ ከመጋረጃው ኋላ ጠፋች። ጋሼ ጠርጎ እስኪመልሳት ጠበቅን። እኔ እቃ እያጠብኩ ነበር። ከግድግዳው ማዶ አንድ ነገር ዱብ ሲል ሰማሁ።

"ይኸው ወደቀች" አለ ባሌ። "በሱ በኩል ነው።"

ባቡር እንዲህ አይከብድም አልኩት። እንግዲያው ተናዶ እቃ እየወረወረ ነው አለኝ፤ እንኳን እቃ፣ ጠረጴዛውንም ይገለብጣል፣ እሱ ወንድሙን አያውቀውም እንዴ። እኔ አላማረኝም። እጄን አደራርቄ በቀዳዳው ልጣራ ጎንበስ ስል ክንዴን ያዘኝ።

"ድምፅሽን እንዳታሰሚ። እኔ የላክሁሽ ይመስለዋል።"

"አሞት ቢሆንስ?"

"ትራንስፎርመሩ ይጮህ የለም? ቤት ውስጥ አለ፣ ሆን ብሎ ነው። ተራው የሱ ነው፣ ያንሳት።"

እውነትም ይጮሃል። ባቡሯ ደግሞ መውደቅ ልማዷ ነው፤ ባቡር ወድቃ ቀረች ብሎ ማን ይደነግጣል? ሌላ ሰው ቤት በየቀኑ የምትመጣ ነገር ስትቀር ያስፈራል፤ እኛ ቤት ግን ብትመለስ ነበር የሚገርመው። ባሌ ወንበር ስቦ ቀዳዳው ፊት ተቀመጠና እጁን አጣምሮ እንደ ዳኛ ጠበቀ። ሲሰለቸው የኛን አጥፍቶ ተኛ።

ጠዋት እሱ ስራ ከሄደ በኋላ ቤት ስጠርግ የጋሼ ትራንስፎርመር አሁንም ይጮሃል። ጋሼ እንኳን ትራንስፎርመር፣ የሽንት ቤት አምፖል አብርቶ የማያሳድር ቆጣቢ ሰው ነው። በነጠላ ጫማ ሰፈሩን ዞሬ ሮጥኩ። አንኳኳሁ፣ ተጣራሁ፣ ዝም። ቁልፍ ሰሪ ነውና በሩ ላይ ያልገጠመው ቁልፍ የለም፤ ጎረቤቱ ልብስ ሰፊ በትከሻው ቢለው ቢለው እምቢ አለ፣ በመጨረሻ በመስኮት ገብቶ ከፈተልኝ። ጋሼ ጠረጴዛው ስር በጎኑ ተጋድሟል። አይኑ ተከፍቷል፣ ያየኛል። የአፉ ግማሽ ወርዷል፤ ሊናገር ይታገላል፣ ከጉሮሮው የሚወጣው ግን ትንፋሽ ብቻ ነው።

ሐኪም ቤት ስትሮክ ነው አሉን። ሐኪሟ መቼ እንደጀመረው ጠየቀች፤ ማታ ነው አልኳት። ያኔውኑ ቢመጣ የሚሰጥ መድኃኒት ነበር፣ አሁን ሰዓቱ አልፏል አለች። ልትወቅሰን ብላ አይደለም፣ ስራዋን ነው የተናገረችው። ባሌ ከነመስሪያ ቤቱ ኮፍያ ነበር የደረሰው። ኮፍያውን አውልቆ እንደ እርጥብ ጨርቅ ይጨምቀው ጀመር።

ብርድ ልብስና ቅያሪ ልናመጣ ወደ ጋሼ ቤት አብረን ሄድን። ግድግዳው ከተሰራ ወዲህ ባሌ በዚያ በር ገብቶ አያውቅም። ልብሱን ለኔ ተወና በቀጥታ ወደ ጠረጴዛው ሄደ። ባቡሯ አልወደቀችም። በሰላም አልፋ፣ ጥጉ ላይ በሙሉ እግሯ ሐዲድ ላይ ቆማለች፤ የትራንስፎርመሩ ፍጥነት መቆጣጠሪያ ዜሮ ላይ ነው። የፊት እግሮቿ ተጠርገው ያበራሉ፣ የኋላዎቹ ገና ጥቁር ናቸው። ጨርቁ ወለሉ ላይ ወድቋል። ባሌ ጎንበስ ብሎ መገጣጠሚያውን በአውራ ጣቱ ዳሰሰው። ለካ ጋሼም በበኩሉ አስተካክሎት ኖሯል፤ ጣት እንኳ ሳይሰማው ያልፋል። ባሌ እዚያው ወለሉ ላይ ዘጭ አለ። ደግፌ ያነሳሁት እኔ ነኝ።

ጋሼን እኛ ጋ አመጣነው። ግማሽ ጎኑ አይታዘዘውም፣ ቃል የለውም። ሁለት ቤት መመላለስ ስላልቻልኩ ግድግዳው ይፍረስ ያልኩት እኔ ነኝ፤ ፈረሰ። ባሌ ሁለቱን ጠረጴዛ መልሶ አጋጠማቸው፣ የተቆረጠውን አውጥቶ ሙሉ ሐዲድ ዘረጋበት። አሁን ባቡሯ እንቅፋት የሚባል አታውቅም፤ ካስነሷት እስኪያጠፏት እንደ ውሃ ትፈሳለች። ዕድሜ ልኩን የለፋባት ነገር ይኸው ሞላለት፤ ለጋሼ ብሎ ያስነሳታል እንጂ እሱ ዞር ብሎ አያያትም። ይልቅ ወሬኛ ሆኖ አረፈው። ስለ ቆጣሪው፣ ስለ ውሻው፣ ልጆች ሳሉ አባታቸው ስለገረፏቸው፣ ጋሼን እያጎረሰ ያወራል፣ ጺሙን እየላጨ ያወራል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እላለሁ በሆዴ፤ አንጀቴን ቢበላውም ንዴቱ አልወጣልኝም። ጋሼ ይስማው አይስማው አይታወቅም። ባቡሯ ስትዞር ብቻ ፊቱን ወደ መስኮቱ ያዞራል።

ባለፈው የእረፍት ቀኑ ባሌ ፒንሳ አነሳና ግድግዳው የነበረበት ቦታ ላይ ያንን ደህና ሐዲድ ጠምዝዞ አጣመመው። አበድክ እንዴ ብለው አልሰማኝም። ባቡሯን አስነሳት። ከነፉርጎዎቿ እየሮጠች መጥታ ጠማማው ላይ ስትደርስ ዘላ በጎኗ ወደቀች። ጋሼ ከአልጋው ዞሮ አያት። ባሌ ፒንሳውን አሳየው።

"እኔ ነኝ ያጣመምኩት" አለው። "ስደበኝ ጋሼ። ድንጋይ ራስ በለኝ።"

ጋሼ አፉን ከፈተ። ከንፈሩ ተንቀጠቀጠ፣ የአንገቱ ጅማት ተገተረ። የሚሰድበው መሰለኝ፤ እውነቴን ነው፣ ደስ ሊለኝ ነበር። ትንፋሽ ብቻ ወጣ። በደህናው እጁ የባሌን እጅጌ ይዞ ወደ ራሱ ሳበው፤ ሊቆጣው ይሁን ሊያባብለው እኔ እንጃ። ባሌ ጎንበስ ብሎ ጆሮውን አፉ ላይ አስጠጋ። ምን አልክ ይለዋል፣ ደግሞ ምን አልክ ይለዋል። ጋሼ ሲደክመው እጅጌውን ለቀቀና አይኑን ጨፈነ። ባሌ ግን ጆሮውን አላነሳም።