የዘይቱና ሳጥንና የጋሽ ገብረአብ እጅ

ራስ መኮንን ድልድይ አጠገብ፣ ከጫማ ሻጮቹ ጀርባ፣ ፀሐይ ገብታባት የማታውቅ አንዲት ጠባብ ሱቅ አለች። ባለቤቷ ዘይቱና ናት። ሬዲዮ ትጠግናለች፣ ቴፕ ትጠግናለች፣ ካውያም ቢመጣላት እምቢ አትልም። «ሴት ልጅን ደግሞ ከሽቦ ጋር ምን አገናኛት?» የሚል ደንበኛ አልፎ አልፎ ብቅ ይላል። እሷ ቀና ብላ እንኳ አታየውም። ሬዲዮው ሲናገር ግን ድምፁን እስከ መጨረሻው ከፍታ፣ «ይኸው፣ እሱን ጠይቀው!» ትለዋለች። ምላሷስ! እኔ በበኩሌ ከእሷ ጋር እሰጥ አገባ ከምገጥም መርካቶን በባዶ ሆዴ ብዞር ይሻለኛል።

ወላጆቿ ከወሎ መጥተው ሠራተኛ ሰፈር ገቡና ከጋሽ ገብረአብ ቤት ግድግዳ ተጋርተው አሳደጓት። ጋሽ ገብረአብ በደጉ ጊዜ ፒያሳ ቡና ቤቶች ውስጥ አኮርዲዮን ይጫወቱ ነበር። ምን ያደርጋል፣ ከጥቂት ዓመታት ወዲህ እጃቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ሐኪም መድኃኒት ሰጣቸው፤ ረገብ አለላቸው እንጂ አልተዋቸውም። አኮርዲዮኑ ቁም ሳጥን ላይ ወጣ፣ እጃቸው ደግሞ ጋቢ ውስጥ ገባ። በጠራራ ፀሐይ ጋቢ! ሰው ሰላም ሲላቸው አንገታቸውን ዝቅ ያደርጋሉ እንጂ እጅ አይሰጡም። የማያውቃቸው ሰው ኮሩብኝ ይላል። ኩራት መስሎት እኮ ነው፤ ሰውዬው አፍረው ነው።

አንድ ቀን ዘይቱና ሲመሽ በራሱ የሚበራ የግቢ መብራት እየፈታታች ነበር። እንዲህ ያለው መብራት መምሸቱን የሚያውቅበት የምስር ፍሬ የምታክል ዓይን አለችው። ዘይቱና ያቺን ዓይን ነቅላ፣ «ምን ይመጣ ይሆን?» ብላ የሞተ ሬዲዮ ሆድ ውስጥ ካሉት ሽቦዎች ጋር በየደቻት። የሬዲዮው ሳጥን ጮኸ። ብርሃን ሲበዛባት ድምፁ ይቀጥናል፣ ጥላ ሲያርፍባት ይወፍራል። ዘይቱና የሱቋን ሥራ ሁሉ ትታ፣ መዳፏን ከፍ ዝቅ እያደረገች እንደ ሕፃን ስትጫወት ጋሽ ገብረአብ ሬዲዮናቸውን ሊወስዱ ገቡ።

የሳቸው ሬዲዮ ከሳጥኑ ወዲያ ማዶ ነበር። አንድ እጃቸውን ከጋቢያቸው አውጥተው ሲዘረጉ የእጃቸው ጥላ በመብራቱ ዓይን ላይ አለፈ። ሳጥኑ ዘፈነ። እንደ ዘይቱና እጅ ዝም ብሎ የሚያላዝን አይደለም፤ ጉሮሮውን እያርገበገበ፣ ድምፁን እያንቀጠቀጠ፣ ልክ እንደ ደህና ዘፋኝ።

ጋሽ ገብረአብ ደንግጠው እጃቸውን ሰበሰቡ። ድምፁም ተለወጠ።

«ማን ነው?» አሉ።

«እርስዎ ነዎት፣ ጋሼ! ወላሂ እርስዎ ነዎት! ይድገሙት እስቲ!»

«ተይኝ በማርያም» ብለው ሬዲዮናቸውን አቅፈው ወጡ።

በማግስቱ ግን መጡ። «ሬዲዮው ትንሽ ይንኮሻኮሻል» አሉ። አይንኮሻኮሽም ነበር። ዘይቱና ነቄ ናት፤ ወንበር ሳበችላቸው። ከዚያ ወዲህ ከሰዓት በኋላ ሁሉ የሳቸው ሆነ። እግራቸው ሥር የስፌት መኪና ፔዳል አኖረችላቸው፤ ሲረግጡት ይዘፍናል፣ ሲለቁት ዝም ይላል። እጃቸው የትኛው ከፍታ ላይ የትኛው ድምፅ እንደሚገኝ በጆሯቸው እየፈለጉ፣ ትዝታን አገኙ፣ ባቲን አገኙ። የተሳሳቱ ጊዜ ራሳቸውን ይሳደባሉ፣ ሲሳካላቸው ጥርሳቸው እስኪታይ ይስቃሉ። ጋቢው ግን ከትከሻቸው አይወርድም፤ ሰው ወደ ሱቋ ብቅ ሲል እጃቸው ተመልሶ ይገባል።

እንዲህ እያለ ጸሎት ልታገባ ሆነ። ጸሎት የጋሽ ገብረአብ አንዲት ልጅ ናት። ሕፃን ሳለች አባቷ ያወጡላትን አንድ ዜማ ሳትሰማ አትተኛም ነበር፤ «ሳገባ ይህችን ትጫወትልኛለህ» ብላ ቃል አስገብታቸዋለች። ልጅቷ እጃቸው ከታመመ ወዲህ አንድም ቀን አላነሳችባቸውም። እሳቸው ግን አልረሱም።

«የመልሱ ቀን አመመኝ ብዬ ከጓዳ አልወጣም» አሏት ለዘይቱና። «እጄን ታቅፌ ልቀመጥላት እንዴ?»

«አብሽሩ! ሳጥኑን ይዘን እንገባለን» አለቻቸው። «እኔ አለሁ።»

ማለቱስ ቀላል ነበር። ያን ሁሉ ጊዜ የተለማመዱት ፀሐይ በማትገባባት ሱቅ፣ በአንዲት አምፖል ሥር መሆኑን ግን አላሰበችም።

የጸሎት እናት እትዬ ሰርክአዲስ በበኩላቸው ለመልሱ የሚቻላቸውን ሁሉ አድርገዋል። ቪዲዮ ቀራጩ «ፊታችሁ እንዳይጠቁር» ስላላቸው ጣሪያው ብርሃን የሚያሳልፍ ነጭ ድንኳን ነው ያስተከሉት። ሰዓቱ እኩለ ቀን። በዚያ ላይ ቪዲዮ ቀራጩ ትልቁን መብራቱን በእንጨት ላይ አቁሟል። እኛ አገር መቼም ደስታና ብርሃን በዛ ተብሎ አይቀነስም!

ዘይቱና ከሙስሊሞቹ ማዕድ ተነሥታ ሳጥኑን ከጋሽ ገብረአብ ፊት አኖረች። ጸሎት ከሙሽራው አጠገብ ሆና አባቷን ስታይ እጇ ወደ አፏ ሄደ። ገብቷታል፤ ያቺን ዜማ ሊጫወቱላት ነው። ጋሽ ገብረአብ እጃቸውን ከጋቢው አወጡ፣ ፔዳሉን ረገጡ።

«ጺጺጺጺጺ!»

ሕፃናት ጆሯቸውን ያዙ። እጃቸውን ቢያወርዱ ጺ፣ ቢያነሱ ጺ። ከሙሽራው ወገን የመጡት አቶ ካላዩ የተባሉ ሽማግሌ «ኧረ ያን ማይክ አጥፉት!» አሉ። ሰው ሳቀ። ክፋት አልነበረበትም፣ ግን ሳቀ። የጋሽ ገብረአብ እግር ከፔዳሉ ተነሣ፣ እጃቸውም ቀስ ብሎ ወደ ጋቢው ገባ። ጸሎት አቀረቀረች።

ዘይቱና ምድር ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። ጓዳ ተቀምጠው ክብራቸውን ሊጠብቁ የነበሩትን ሰው ጎትታ አውጥታ ሕዝብ ፊት ያዋረደቻቸው እሷ ናት። ቀና ብላ ነጩን ጣሪያ አየችና ነገሩ ተገለጠላት። «አይ አንቺ ፋራ!» አለች ራሷን። ሳጥኑ ላይ የገበታ ጨርቅ ጣለችበት፤ ነጭ ጨርቅ ነው፣ ብርሃኑ ያልፋል፣ ምንም አልረዳ። ጨለማ ፈለገች። በዚያ ሁሉ ብርሃን መሀል ጨለማ ያለበት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ የእትዬ ሰርክአዲስ ሞሶብ።

ሄዳ ክዳኑን አነሣች። ውስጡ ሽማግሌዎች ባርከው የሚቆርሱት ድፎ ዳቦ አለ። ብድግ አደረገችው።

«ኧረ ዘይቱና! ኧረ ጉድ! ገና አልተባረከም እኮ!» ብለው ጮኹ እትዬ ሰርክአዲስ።

«እትዬ፣ ኋላ ይግረፉኝ!» አለችና ዳቦውን አቶ ካላዩ ጭን ላይ አኖረችው። ሰውዬው ደንግጠው በሁለት እጃቸው አቀፉት። ሳጥኑን ሞሶቡ ውስጥ አስገባች፣ ክዳኑን እጅ የሚያስገባ ያህል ገርበብ አድርጋ ደፋችበት፣ ሞሶቡን ወደ ጋሽ ገብረአብ ጉልበት አስጠጋች።

«ይበቃል፣ ዘይቱ» አሏት ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ሰው ሁሉ እያየኝ ነው።»

«ታዲያ ይየዋ! ሞሶብ ውስጥ እጁን ሰደደ ተብሎ ማን አፍሮ ያውቃል?»

ጋሽ ገብረአብ አዩዋት። ከዚያ እንደሚጎርስ ሰው እጃቸውን ወደ ሞሶቡ ሰደዱ፣ ፔዳሉንም ረገጡ።

መጀመሪያ ወፍራም ድምፅ መጣ። እጃቸው ትንሽ ወጣ ሲል ድምፁ ቀጠነ፣ ገባ ሲል ወረደ። ዜማውን ያዙት። ያ መርገብገብ፣ ያ ስንት ዓመት የደበቁት መንቀጥቀጥ፣ እያንዳንዷን ድምፅ እያውረገረገ ከሞሶቡ ወጣ። እትዬ ሰርክአዲስ ዳቦውን ረስተው በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ። አቶ ካላዩ ዳቦውን እንዳቀፉ አፋቸውን ከፍተው ቀርተዋል።

ጸሎት ካባዋን ሰብስባ መጣችና ከአባቷ እግር ሥር ቁጢጥ አለች። ዜማው ሲያልቅ ያቺን እጅ ከሞሶቡ አውጥታ በሁለት እጇ ያዘቻት። እጅየዋ በእጆቿ ውስጥ ትንቀጠቀጣለች፤ ሰዉ ሁሉ ያያል።

«አባዬ፣ ድገመው» አለቻቸው።

ድንኳኑ በእልልታ ተናወጠ። ጋሽ ገብረአብ ተመቻችተው ለመቀመጥ ብድግ ሲሉ ጋቢው ከትከሻቸው ወንበሩ ላይ ወደቀ። ዘይቱና አነሣችው፣ በጥንቃቄ አጠፈችው፣ ወደ ማዕዷ ተመልሳ መልሰው እንዳይጠይቋት ተቀመጠችበት።