የአንድ ቀን ወንፈል

ሞባይል ላሊበላ ላይ ገና መያዝ በጀመረባቸው ዓመታት ሥራዬ የውጭ አገር ተማሪዎችን «ከባህሉ ጋር ማዋሃድ» ነበር። ውሉ ላይ የተጻፈው እንዲህ ነው። ዩኒቨርሲቲያቸው መኸር በደረሰ ቁጥር በቡድን በቡድን ይልካቸዋል፤ እኔ አስጎበኛለሁ፣ ገበሬ ቤት አሳድራለሁ፣ አስተረጉማለሁ። እውነቱን ለመናገር ታክቶኝ ነበር። ቀኑን ሙሉ «ለምን?» የሚለውን ስተረጉም ውዬ ቤቴ ስገባ፣ ለሚስቴ እንኳ የምትሆን ቃል አትተርፈኝም።

አንድ ዓመት አንዲት ተማሪ ማየት ብቻ አልበቃኝም፣ ማጨድ እፈልጋለሁ አለች። በይምርሐነ ክርስቶስ መንገድ ወዳለው የትውልድ መንደሬ ወሰድኳት። የአባቴ ጎረቤት የነበሩ ሽማግሌ የላይ ማሳቸውን ገብስ በወንፈል ያሳጭዱ ነበር። ወንፈል እንደ ደቦ በልተው ጠጥተው የሚለያዩበት አይደለም፤ ዛሬ እኔ ማሳ ላይ የዋለ ሰው፣ ነገ እሱ ማሳ ላይ እውልለታለሁ።

እኔ ግን ዳር ቆሜ አስተረጎምኩ። ሰዎቹን ቀና ብዬ ማየት ከብዶኝ ነበር። አባቴ ባረፉበት ዓመት የእኛን ማሳ ያጨዱት እነሱ ናቸው፤ ያን ቀን እኔ ቱሪስት ይዤ ቤተ ጊዮርጊስ ነበርኩ። ከዚያ ወዲህ የማንም ወንፈል ላይ ውዬ አላውቅም።

ልጅቷ መዳፏ እስኪላጥ አጨደች። ነዶዋ እየተፈታ ሴቶቹ ከኋላዋ እየሳቁ መልሰው ያስሩላት ነበር። ስንሰናበት ሽማግሌውን፣ «አባቴ፣ የእሷን እንኳ አይቁጠሩት፤ ለመማር ነው» አልኳቸው።

ፊታቸው ጠቆረ። «ውላለች ወይስ አልዋለችም?»

«ውላለች።»

«በቃ!»

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ማጭዳቸውን ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው ልጅቷ ከተማ ውስጥ ያረፈችበት ሆቴል በር ላይ ቆመው አገኘኋቸው። ሌሊት ነው የተነሡት።

«የልጂቱ ማሳ ወዴት ነው?»

ማሳ እንደሌላት፣ ሥራዋ መጻፍ እንደሆነ፣ በማግስቱም ስለ ወንፈሉ የምታስረክበው ጽሑፍ እንዳለባት ነገርኳቸው። ምሳ አብልቼ ልሸኛቸው አስቤ ነበር።

«እንዲያ ከሆነ ከጎኗ እውላለሁ» አሉ።

ስተረጉምላት ለምን ብላ አልጠየቀችም። ወንበር ሳበችላቸው።

ቀኑን ሙሉ እንዲህ ዋልን። እሷ ትጽፋለች፣ ታነባለች፤ እኔ እተረጉማለሁ፤ እሳቸው ያርማሉ። አንድ ቦታ ላይ ሰዎቹ እርስ በርስ የሚረዳዱት ከፍቅር የተነሣ ነው ብላ ነበር። ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ። «ፍቅር አይደለም በላት። እነሱ ቢቀሩብኝ ገብሴ ይረግፋል። እኔም ብቀር የእነሱ ይረግፋል።» ልጅቷ ዓረፍተ ነገሩን አጠፋችው። እኔ ስንት ዓመት ለስንት ቡድን ያንኑ ፍቅር ስሰብክ እንደኖርኩ ትዝ አለኝና አፈርኩ።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ተነሡ። «ጨረስን?»

ገና ብዙ ይቀራት ነበር። በተሰባበረ አማርኛዋ «ጨረስን፣ አባቴ» አለችና ዝቅ ብላ ጉልበታቸውን ሳመች። ይህን ያስተማርኳት እኔ አይደለሁም።

ከተማ ውስጥ ወዳለ ዘመዳቸው ቤት ሊያድሩ ሲሄዱ እስከ በሩ ሸኘኋቸው። በሩ ላይ ማጭዱን እጄ ላይ አኖሩት።

«እኔና እሷ ጨርሰናል። ማክሰኞ የታች ማሳው ይታጨዳል። አባትህ አንድም ቀን ቀርተው አያውቁም።»

«እመጣለሁ» አልኳቸው። ስላቸው ከልቤ ነበር።

ማክሰኞ ጠዋት አዲስ ቡድን በአውሮፕላን ገባ። ከሰዓት በኋላ በፕሮግራሙ የተያዘልኝ ስለ ወንፈል ማስረዳት ነበር። ማጭዱን ለማሳያ ይዤው ሄድኩ።