ለመኪናው መንገድ የለቀቀው ቆራጭ

ጎረቤቴ በልብስ ፋብሪካ ጨርቅ ቆራጭ ነበር። ተደራርቦ የተነጠፈውን ጨርቅ በኤሌክትሪክ ቢላዋ ሲቆርጥ ቀኝ እጁ ጥቂት ቢሳሳት የቀኑ ሸሚዝ ሁሉ ይበላሻል። ስለዚህ ያን እጅ እንደ ዓይኑ ብሌን ይጠብቀው ነበር፤ ባልዲ እንኳ የሚያነሣው በግራው ነው። ሚስቱም «ለመሆኑ ያገባሁት አንተን ነው ወይስ እጅህን?» እያለች ትቀልድበት ነበር።

ወደ ሥራ የሚሄደው በብስክሌት ነው። በመንገዱ ላይ ያለው የባቡር ሐዲድ አስፋልቱን በሰያፍ ያቋርጠዋል፤ ዳር ዳሩን ይዞ በቀጥታ የሚነዳን ሰው የፊት ጎማው በሐዲዱ ስንጥቅ ገብቶ ይጥለዋል። በዚህ ምክንያት የሰፈሩ ብስክሌተኞች ወደ መሀል ሰፋ ብለው ይወጡና ሐዲዱን ፊት ለፊት ይገጥሙታል። ይህን ዘዴ ለብዙዎቹ ያሳየው እርሱ ራሱ ነው።

አንድ ዝናባማ ማለዳ ባቡሩ አልፎ አግዳሚው ብረት ሲነሣ፣ ከኋላው የመኪና ጥሩምባ ጮኸ። ዘወር ቢል የፋብሪካው ሥራ አስኪያጅ ናቸው። ወዲያው ዳሩን ያዘ።

«አንተ ሰውዬ፣ ምን ነካህ? መሀሉን ያዝ እንጂ» አለው የማቋረጫው ጠባቂ።

«ተው እባክህ፣ ጋሼ ይለፉ። ይቸኩሉ ይሆናል።»

ታላቅን ማክበር ተገቢ ነው፤ አጥንትን አስይዞ ማክበር ግን ማንም ያላዘዘው ግዴታ ነው። ጎማው ስንጥቁ ውስጥ ገባ፤ ሰውየውም ሲወድቅ መሬቱን የተመረኮዘው በዚያው በሚሳሳለት እጅ ነበር። መኪናው አልቆመም።

የተሰበረው እጁ ከጄሶ ሲፈታ አንጓው ጠሞ ተገኘ። ቢላዋውን ለሌላ ሰጡበት፤ እርሱንም ቁርጥራጭ ጨርቅ ጠራጊ አደረጉት። ወደ ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ገብቶ ወደ ቀድሞ ሥራው እንዲመልሱት ለመናቸው።

«ጌታዬ፣ ያን ዕለት መንገድ የለቀቅሁልዎ እኮ እኔ ነኝ።»

እርሳቸውም ከወረቀታቸው ቀና ሳይሉ «ማን ልቀቅ አለህ?» አሉት።

ቤት ሲደርስ የሆነውን ለሚስቱ ነገራት። አልቀለደችም፤ ባልዲውን አንሥታ ውኃ ልትቀዳ ወጣች።

ዛሬም በዚያው መንገድ ይመላለሳል። ባለፈው ሳምንት ያው ጥሩምባ ከኋላው ደጋግሞ ጮኸ፤ እርሱ ግን መሀሉን እንደያዘ ቀስ ብሎ ሐዲዱን ተሻገረ።

ጠባቂው «አሁን ገና ገባህ?» አለው።

«ገባኝ» አለ ቆራጩ፣ ጠማማውን እጁን መሪው ላይ እያስተካከለ። «አሁን ግን የምሳሳለት እጅ የለኝም።»