በፉሪ ጓዳ የተገኘው ላፍቶ ሰባት

ሥራ የጀመርኩ ቀን ነጭ ጋውኔን ተኩሼ፣ ጓንቴን በቦርሳዬ ይዤ ላፍቶ ደረስኩ። ከዚያ በፊት ጎፋ አንድ ክሊኒክ ውስጥ ደም ቀጂ ነበርኩ። ማስታወቂያው «ልምድ ያላት የላብራቶሪ ቴክኒሺያን» ስለሚል እዚህም የሰው ክንድ የሚጠብቀኝ መስሎኝ ነበር። የላብራቶሪው ኃላፊ ዶክተር ምሕረት አንድ ብልቃጥ ሰጠችኝና «እስቲ ያሽትቱት» አለችኝ። አሸተትኩት። ጠጅ ጠጅ አለኝ።

«በሽተኛው ይጠጣል እንዴ?» አልኳት።

«እትዬ አስካለ፣ ብልቃጡ ውስጥ ያለው እርሾ ነው» አለች። «እዚህ የምናክመው ሰው የለም። የምናሠቃየው እርሾ ነው።»

በስመ አብ ብዬ ልመለስ ነበር። ግን ጋውኑን አንዴ ተኩሼዋለሁ፤ ገባሁ። እንዲህ ገብቼ ጡረታ እስክወጣ እዚያው ቀረሁ።

ላብራቶሪው ከኮንዶሚኒየሞቹ ጀርባ ያለ የኪራይ ቪላ ነው። ሳሎኑ ውስጥ ማሽኖቹ፣ መኝታ ቤቱ ውስጥ ፍሪዘሩ፣ መታጠቢያ ቤቱ ውስጥ አውቶክሌቩ ነበር። አውቶክሌቭ ማለት በእንፋሎት ግፊት ያገኘውን ነፍስ ሁሉ ቀቅሎ የሚገድል ትልቅ ድስት ነው። ሰዎቹም ብዙ አይደለንም፦ ዶክተር፣ እኔ ሲኒየር ቴክኒሺያን፣ ታምራት ጁኒየር ቴክኒሺያን፣ በር ላይ ደግሞ ዘበኛው ጋሽ ቶላ።

ሥራችን ከጠጅ ቤት፣ ከጠላ ቤትና ከዳቦ ቤት ሊጥ እርሾ መልቀም ነው። አንዱን ዝርያ ከሌላው ለይተን በየሳህኑ እናሳድገዋለን። ከዚያ ማሠቃየት ነው። አንዱን ሙቀት፣ አንዱን ጨው፣ አንዱን አልኮል ውስጥ ከትተን ማን እንደሞተና ማን እንደተረፈ እናያለን። ክሊኒክ እያለሁ ሰው ሁሉ «ቀስ ብለሽ ውጊኝ» እያለ ይነተርከኝ ነበር። እርሾ እንዲህ ያለ ጣጣ የለውም። ወደድኩት።

ዝርያዎቹን በተገኙበት ሰፈር ነበር የምንጠራቸው። ጎፋ ሦስት ሰነፍ ነው፤ ትንሽ ሲሞቀው ዝልፍልፍ ይላል። ጀሞ አንድ አልኮል ሲሰጡት ጎበዝ ነው፤ ጨው ሲነካው ግን ዋይ ዋይ ነው። ላፍቶ ሰባት ደግሞ ጉድ ነው። ያገኘነው አንድ ዳቦ ቤት ምድጃ ሥር ተረስቶ ከከረመ ሊጥ ነበር። አርባ ሁለት ዲግሪ ላይ ጓደኞቹ ሁሉ ሲያልቁ እሱ ይፋፋል። ታምራት በየጠዋቱ «እንዴት አደርክ ጀግናው» ይለው ነበር። እኔም እሰማለሁ፣ አልፈርድበትም።

አንድ ቀን ታምራት ዶክተርን «ላፍቶ ሰባት ሌሎቹ የሌላቸው ጂን አለው ማለት ነው?» ብሎ ጠየቃት።

«የለውም» አለችው። «ከሙቀት የሚከላከሉት ጂኖች ሁሉም ጋ አሉ። ልዩነቱ ማን ቶሎ ያበራቸዋል ነው። ቤትህ ስትገባ ማብሪያ ማጥፊያው በሩ አጠገብ ከሆነ ወዲያው ታበራለህ። ቁም ሳጥን ጀርባ ከሆነ ግን እስክታገኘው ጉልበትህን ትላጣለህ። ጎፋ ሦስት ማብሪያው ቁም ሳጥን ጀርባ ነው። አምፖሉ አንድ ነው፤ ሽቦው የተዘረጋበት ቦታ ነው ከዝርያ ዝርያ የሚለየው።»

እኔ ጎፋ ስለምኖር ነገሩ ትንሽ ከነከነኝ። ቢሆንም ገባኝ።

ዶክተር ጎበዝ ናት፣ ግን ደንብ ትወዳለች። በዕድሜ ስለምበልጣት አንቺ እላታለሁ፤ እንግዳ ፊት ግን እርስዎ ነው። ፍሪዘሩ ላይ በትልልቅ ፊደል የለጠፈቻቸው ሁለት ደንቦች ነበሩ። የመጀመሪያው «ስም የሌለው ቱቦ ወደ አውቶክሌቭ ይገባል» ይላል። ሁለተኛው «ሕይወት ያለው ነገር ከዚህ ግቢ አይወጣም» ይላል። ጋሽ ቶላ ሁለተኛውን ሲሰሙ «ታዲያ እኔ ማታ ቤቴ አልሄድም?» ብለው አስቀውናል።

ጡረታዬ ሲቃረብ የላብራቶሪው ኪራይ ከበደን። ያኔ አቶ ደሳለኝ መጡ። የብዙ ዳቦ ቤቶች ባለቤት ናቸው፤ ቆብ ከራሳቸው አይወርድም። በበጋ ሊጥ ቤታቸው ስለሚሞቅ ከውጭ የሚያስመጡት እርሾ ይዝልባቸዋል፣ ዳቧቸውም ጠፍጣፋ ይወጣል። ዶክተር ስለ ላፍቶ ሰባት ነገረቻቸው።

«ከፋሲካ በኋላ ባለው ዓርብ እመጣለሁ» አሉ። «በዓይኔ ካየሁት ውል እንፈራረማለን። ካላየሁት ግን ወሬ አልገዛም።»

ውሉ ካለ ላብራቶሪው ይቀጥላል። ከሌለ ቪላው ለባለቤቱ ይመለሳል፣ እኛም በየፊናችን እንበተናለን። ዶክተር ከዚያ ቀን ጀምሮ እንቅልፍ አጥታ ከሳች።

በዚያው የፋሲካ ጾም አንድ ጠዋት የጎረቤታችን የወይዘሮ ብርቅነሽ ድምፅ ከበር ተሰማ። ኩባያ ይዘዋል። ሊጣቸው አልነሳ ብሏቸው እርሾ ሊጠይቁ ነው።

«እማማ፣ ይሄ ላብራቶሪ ነው» አሏቸው ጋሽ ቶላ።

«እርሾ አይደል እንዴ የምትሠሩት? ጥይት ስጡኝ አላልኩ!»

ዶክተር ወጣች። ደንቡን ልታስረዳቸው አፏን ከፈተች፤ የኩባያውን ባዶነት አየችና አፏን መልሳ ዘጋች። እርሾ የለኝም ብሎ ጎረቤትን መመለስ እናቷ ያላስተማረቻት ነገር ነው። ግራ ቀኝ አይታ ኩባያውን ጋውኗ ሥር ሸጎጠችና ገባች። ያን ቀን ማሳደጊያው ውስጥ የነበረው ላፍቶ ሰባት ብቻ ነው። እኔ በመስኮት አየኋት። ምን ቆርጦኝ እናገራለሁ? ደንቡን ያወጣችው እሷ፣ ያፈረሰችውም እሷ።

ከዚያ ጸሎተ ሐሙስ መጣ። እኔም ዶክተርም ፈቃድ ወስደን ስግደት ላይ ነበርን። ታምራት ብቻውን ቀረና ለበዓል ቤቱን ላጽዳ አለ። እንደ እሱ ያለ ንጹሕ ሰው አላየሁም፤ ከመታጠቡ በፊት ሳሙናውን የሚያጥብ ነው።

ሰኞ፣ በፋሲካ ማግስት፣ ስንገባ ደረቱን ነፍቶ ጠበቀን። ቪላው ይብለጨለጫል።

«እንኳን አደረሳችሁ! ፍሪዘሩን እዩልኝ» አለ። «በረዶውን አራግፌ እያንዳንዱን ቱቦ በአልኮል ወለወልኩት።»

«በምን?» አለች ዶክተር።

«በአልኮል።»

የላብራቶሪ ሰው የሆነ አሁን ልቡ ቀጥ ብሏል። ላልሆነው ልንገረው፦ ቱቦዎቹ ላይ የምንጽፈው በማርከር ነው፤ ማርከርን ደግሞ ውሃ አያስለቅቀውም፣ አልኮል ግን ሙልጭ ያደርገዋል።

«ስማቸው አልጠፋም?» አልኩት።

«ጠፋ እንጂ! ወልውዬ ስጨርስ ሁሉም ባዶ ሆኑብኝ። ደነገጥኩ። ደግነቱ ደንቡ እዚያው ፍሪዘሩ ላይ አለ።» ጣቱን ወደ መጀመሪያው ደንብ ቀሰረ። «ስም የሌለው ወደ አውቶክሌቭ። አንድም አላስቀረሁም። ማሳደጊያው ውስጥ የነበሩትን ያረጁ ሳህኖችም ጨመርኳቸው።»

ዶክተር አልጮኸችም። ናሙና የምንይዝበት የበረዶ ሳጥን ላይ ቁጭ አለችና እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። የስንት ዓመት ድካም፣ ላፍቶ ሰባትም ጭምር፣ ተቀቅሎ ተደፋ። ሄደን እንዳንለቅመው የተገኘበት ዳቦ ቤት ፈርሶ መንገድ ወጥቶበታል። ታምራት ነገሩ ሲገባው ፊቱ አመድ መሰለ። አንጀቴን በላው።

ጉሮሮዬን ጠረግሁ። «ዶክተር፣ ያቺ የወይዘሮ ብርቅነሽ ኩባያ...»

«የምን ኩባያ?» አለች። ጆሮዋ ግን ቲማቲም መሰለ። ከዚያ ከሳጥኑ ላይ ተፈናጥራ ተነሳች። «እትዬ አስካለ! ሳጥኑን በረዶ ይሙሉልኝ!»

ወይዘሮ ብርቅነሽ በራቸውን ሲከፍቱ ጋውን ለብሰን የተሰለፍን ሦስት ሰዎች አዩና አማተቡ። «የከተማው ጤና ቢሮ ናችሁ እንዴ?»

«እርሾ ልንጠይቅ ነው» አለች ዶክተር።

«አይ እናንተ! እርሾ ፋብሪካ ተቀምጣችሁ?» ሳቃቸውን ሲጨርሱ «እርሾሽማ ተአምር ነው፤ ሳይጠሩት ይነሳል። ሁሉንም ለድፎው ጨረስኩት። ዕቃውንም ለበዓል ብዬ በበረኪና አጠብኩት» አሉ። በዚህ ሰፈር ለበዓል ያልታጠበው የኔ ጭንቅላት ብቻ ነው። ክዳኑ ላይ የደረቀች ቁራሽ ሊጥ አገኘንና ፍቀን ያዝን። «ለጓሮ ጎረቤቴ ለዘይነባ ግን ሰጥቻታለሁ። አሁን ግቡ፣ ዶሮ ሳትበሉ አትወጡም!»

ስንቸኩል ስንለምን በሩን ቆለፉብን። በላን።

ወይዘሮ ዘይነባ እርሾውን ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጠውታል። ዶክተር ደስ ብሏት ልትዘል ስትል «ሦስት ሰው የሰጠኝን አንድ ላይ ቀላቅዬዋለሁ፤ ይረዳዳሉ ብዬ» አሉ። ዶክተር የዘረጋችውን እጇን ግንባሯ ላይ አሳረፈችው። ከሱም ትንሽ ቀዳን። «ለልጄ ሚስት ለሰዓዳም ፉሪ ልኬላታለሁ» አሉና ትሪ አቀረቡ። «ብሉ፣ ሥጋ የለበትም፤ የምስር ሳምቡሳ ነው።» ያን ሁሉ ቀን ጾማ የከረመች ዶክተር ዶሮው ላይ ሳምቡሳውን ጨመረች። እንደ እርሾዎቹ የመቋቋም ፈተና ያን ቀን የወሰደው ሆዷ ነው።

የበረዶ ሳጥኑን አቅፈን በሚኒባስ ፉሪ ወረድን። አጠገቤ የተቀመጠ ሰውዬ «ክትባት ነው?» አለኝ። «እርሾ ነው» ስለው «እስቲ ለባለቤቴ ትንሽ» ብሎ የውሃ ጠርሙሱን ባዶ አደረገ።

የሰዓዳ ማድ ቤት ከላይ እስከ ታች ቆርቆሮ ነው። ፀሐዩ አናቱ ላይ ነው፤ ውስጡ ምድጃ ነው። እርሾው ጣራው ሥር መደርደሪያ ላይ በፕላስቲክ ዕቃ ተቀምጧል።

«እዚህ ሙቀት ውስጥ?» አለ ታምራት፣ ድምፁ ሞቶ።

«ሲሞቀውማ ይብስበታል» አለች ሰዓዳ። «ክዳኑን እየወረወረ አስቸግሮኛል። ልጄ ጅኒ ነው ብሎ እዚህ መግባት ትቷል።»

ዶክተር ክዳኑን ከፈተች። ተፍ አለና ግንባሯ ላይ ተረጨ። ሰዓዳን እቅፍ አድርጋ ሳመቻት። እኔም ሳምኳት፣ ታምራት እንኳን ሊስማት ቃጥቶ አፈረና እጇን ጨበጠ። የሞቀው ቆርቆሮ እኛ የምናደርገውን ሲያደርግ ነው የከረመው፦ ሙቀት የማይችለውን ገድሎ የሚችለውን አስቀርቷል።

ከሦስቱም ቤት ያመጣነውን በየሳህኑ ዘርተን አርባ ሁለት ዲግሪ ላይ አስገባን። ረቡዕ ሳህኖቹን አወጣን። ከብርቅነሽ ቤት የመጣው ባዶ ነው። የዘይነባው፣ ይረዳዳሉ የተባለው፣ አንድ ሁለት ነጥብ ብቻ አወጣ። የሰዓዳው ሳህን በነጫጭ ነጠብጣብ ጢም ብሏል። ሐሙስ ጥቂት አሙቀን አርኤንኤውን፣ ጂን ሲበራ የሚያወጣውን ቅጂ፣ አወጣንና የትኞቹ ጂኖች እንደበሩ ለካን። ልክ እንደ ድሮው፣ ሙቀቱ ገና ሲነካው ማብሪያውን ቀጭ አድርጓል። «እሱ ነው!» አለች ዶክተር። ታምራት ማሽኑን ተደግፎ አለቀሰ። ወዲያው ደግሞ ያለቀሰበትን ቦታ ሊወለውል አልኮል አነሳ፤ ከእጁ ቀማሁት።

ዓርብ አቶ ደሳለኝ መጡ። ግቢያችን ውስጥ ፀሐይ የሚያነደው የብረት ኮንቴይነር አለ። አንድ ሳፋ ሊጥ በሳቸው እርሾ፣ አንድ ሳፋ በላፍቶ ሰባት አቡክተን እዚያ አስገባን። ሰውየው ሙቀቱ ሲያስጨንቃቸው ቆባቸውን አውልቀው ከሳፋዎቹ አጠገብ አስቀመጡና ወጡ፤ ዘጋንበት። ከሰዓታት በኋላ በሩን ስንከፍት የሳቸው ሊጥ እንደተኛ ነው። የኛው ሳፋውን ሞልቶ፣ ጠረጴዛው ላይ ፈሶ፣ ቆቡ ውስጥ ገብቶ ተንደላቆ ተቀምጧል።

«ቆቤን በላው!» አሉ አቶ ደሳለኝ። ደነገጥን። እሳቸው ግን በጣታቸው ሊጡን ነካ አድርገው እንደ ስፖንጅ ሲመለስላቸው ሳቁ። ከዚያ ድንገት ኮስተር አሉ። «አንድ ጥያቄ አለኝ። መብራት ይጠፋል፣ ሰው ይሳሳታል። ይሄ እርሾ ቢጠፋባችሁ ከየት ታመጡታላችሁ?»

እኔና ታምራት መሬት መሬት አየን። ዶክተር ደንብ የምትወድ ሴት ናት፤ መዋሸት ግን አታውቅም።

«ፉሪ፣ ሰዓዳ ከምትባል ሴት ማድ ቤት» አለቻቸው። «እዚያ ከሌለ ሰዓዳ ከሰጠቻት ጎረቤት።»

አቶ ደሳለኝ ቆባቸውን ከሊጡ ፈልቅቀው አነሱ። «የኔም እናት የምታስቀምጠው እንደዚያ ነበር» አሉና ፈረሙ።

ሰኞ ስንገባ ሁለቱም ደንቦች ከፍሪዘሩ ላይ ተነስተዋል። ሰዓዳ ዛሬም የላብራቶሪው ሁለተኛ ማስቀመጫ ናት፤ በየወሩ ታምራት በረዶ ሳጥን ይዞ ይሄዳል፣ በልቶም ይመለሳል። ልጇም ማድ ቤት መግባት ጀምሯል።

ከዚህ ሥራ ያተረፍኩትን ለአዲስ ገቢዎች ልንገርና ላብቃ። ቱቦ ላይ ስም የሚጻፈው በእርሳስ ነው፤ እርሳስን አልኮል አያጠፋውም። ጎረቤት ኩባያ ይዞ ከመጣ ደግሞ ስጡት።