አባባ ቅቤ የቀባው ቆጣሪ

ታላቅ ወንድሜ የአባባን ቮልስ ለቁራሌው ሊሸጣት ቆርጦ ነበር። አባባ ካረፈ ወዲህ መካኒሳ ግቢያችን ውስጥ ቆማ፣ ድመት እየወለደችባት፣ ጎረቤት እያላገጠባት ከረመች። ሞተሯንም ፍሬኗንም አሠራሁ። የቀረው የፍጥነት ቆጣሪው ነበር። ጠቋሚው ሃያ ላይ ተገትሮ አልነቃነቅ አለ። ብትቆምም ሃያ፣ ብትሮጥም ሃያ።

«በዚህ ዓይነት ምርመራውን አታልፍም» አለኝ ወንድሜ። «ካለፈችና ቦሎ ካገኘች ያንቺ ናት። ከወደቀች ግን ቁራሌውን እጠራለሁ።»

እሺ አልኩት። እልህ ያዘኝ።

ላፍቶ አንድ ጋራዥ ወሰድኳት። መካኒኩ ዳሽቦርዱን በቡጢ ነረተና፣ «እህቴ፣ ይሄ አብቅቶለታል። የሞተር ሳይክል ቆጣሪ ልግጠምልሽ?» አለ። የአባቴ መኪና ላይማ የሞተር ሳይክል ዕቃ አይገጠምም ብዬው ወጣሁ። ሌላው ደግሞ ላምባ ድፊበት አለኝ። ላምባ ቢደፋበት ቁጥሮቹ ታጥበው ይሄዳሉ። መካሪ መቼ ጠፍቶ!

ራሴ ፈትቼ ምግብ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁት። ክዳኑ ሲከፈት አንድ ሽታ ገጨኝ፤ የከረመ ቅቤ! ያኔ ነገሩ ገባኝ። ቆጣሪው አንድ ሰሞን ሲጥ ሲጥ ይል ነበር፤ አባባ ደግሞ ቅቤ የማያድነው ነገር ያለ አይመስለውም። ራሱን ሲያመው ቅቤ፣ ጫማው ሲደርቅ ቅቤ፣ የበሩ ማጠፊያ ሲጮህ ቅቤ። ለቆጣሪውም ቀብቶለታል። ቅቤው እንደ ሙጫ ደርቋል፤ የናስ ጥርሶቹም አረንጓዴ ዝገት አውጥተዋል። ከቆርቆሮው ሽፋን በስተውስጥ፣ በደረቀው ቅቤ ላይ፣ የአባባ አውራ ጣት አሻራ ከነመስመሩ ቁጭ ብሏል።

ሳቄም እንባዬም አንድ ላይ መጣ። ተናደድኩበትም፤ መኪናዋን ቁራሌው ደጅ ያደረሳት የራሱ እጅ ነው።

ጠቋሚውን በጉልበት አልነካሁትም፤ ከሥሩ የተጠመጠመው ሽቦ ከፀጉር የቀጠነ ነው፣ ከተበጠሰ በቃ። በጥጥ አልኮል እያስነካሁ፣ ቅቤው ሲለሰልስ ጫፉን ባሾልኩት መፋቂያ እየፋቅሁ፣ እንደገና እያራስኩ ቅዳሜና እሑዴን ጨረስኩ። ወንድሜ ባለፈ ባገደመ ቁጥር «አሁንም ገና ነሽ?» ይለኛል። «ገና ነኝ» እለዋለሁ፣ ቀና ሳልል። እሑድ ማምሻውን ጠቋሚው ከሃያ ላይ ቀስ ብሎ ተንሸራቶ ዜሮ ላይ አረፈ። የቆጣሪውን ዘንግ ከኋላ በጣቴ ሳሾረው ጠቋሚው ብድግ አለ። ብቻዬን እልል አልኩ።

የምርመራው ቀን ወንድሜ አብሮኝ ሄደ፤ ስትወድቅ ለማየት ይመስለኛል። የአቦን መንገድ ስንይዝ ጠቋሚው ሠላሳ፣ ከዚያም አርባ አለ። ወንድሜ አየውና ፊቱን ወደ ውጭ አዞረ።

አለፈች። ቦሎውን በገዛ እጄ መስታወቷ ላይ ለጠፍኩት።

ስንመለስ ወንድሜ አሸተት አሸተት አደረገና፣ «ቅቤ ቅቤ ይላል። በደንብ አልጠረግሽውም» አለኝ።

«በደንብ ጠርጌዋለሁ። የአባባን አውራ ጣት ብቻ አልነካሁም፤ አልነካምም። ከሸተተህ መስኮቱን ክፈት።»

እጁን ወደ መስኮቱ ሰደደ። ከዚያ መልሶ ጭኑ ላይ አስቀመጠው።