የእህቴ ይሉኝታ

እህቴ ልብስ ሰፊ ናት። ከእኔ በአሥራ ሁለት ዓመት ትበልጣለች። እናታችን ስትሞት እኔ ገና አፌን አልፈታሁም ነበር፤ ስለዚህ ከእሷ ሌላ እናት አላውቅም። እኔ እትዬ እላታለሁ፣ እሷ ጩጬ ትለኛለች። ጩጬው ዘንድሮ ሃምሳ አምስት ሞላው፤ ፀጉሩም ከላይ ተመልጦ አልቋል።

ስለ እሷ አንድ ነገር ብቻ ተናገር ብባል ይሉኝታዋን ነው የማነሳው። አንድ ጊዜ ጠባብ ጫማ ገዛች። ሻጩ «ልክክ አለልሽ» ብሎ ስለተደሰተ ብቻ ክረምቱን በሙሉ በዚያ ጫማ ስታነክስ ከረመች። ደንበኛ ራሱ ወፍሮ መጥቶ «አጠበብሽው» ሲላት «የእኔ እጅ ነው የተሳሳተው» ትልና ፈትታ እንደገና ትሰፋለታለች። የስፌት መኪናዋ ጎረቤት እንዳይረብሽ ከሥሩ አሮጌ ብርድ ልብስ አጥፋ አንጥፋለታለች።

እኔ በሕክምና ትምህርት ቤቱ የአስከሬን መማሪያ ክፍል ሠላሳ አንድ ዓመት ሠርቻለሁ። ወለል ጠራጊ ሆኜ ገባሁ፣ አሁን አንጎል አዘጋጃለሁ። ፎርማሊን ውስጥ እነክራለሁ፣ ሲጠነክር አጥባለሁ፣ ለተማሪዎች አቀርባለሁ። አስተማሪው ሲያረፍድ የማስጎበኛቸው እኔ ነኝ። በጓንት ይዤ እያዞርኩ አሳያቸዋለሁ። ከኋላ ያለው ማየት ነው፤ ዓይን በር ብቻ ናት፣ የሚያየው ማጅራት በኩል ያለው ነው። በጆሮ አጠገብ ያለው መስማትና ማስታወስ። አናት ላይ ጎን ለጎን ከተጋደሙት ሁለት እጥፋቶች የፊተኛው እጅና እግርን ያዛል፣ የኋለኛው የተዳሰሰውን ይቀበላል። ከሥር ያለችው ትንሿ አንጎል ሚዛን ትጠብቃለች፤ እሷ ስትታመም ሰው ሳይጠጣ ይንገዳገዳል። ግንዱ ትንፋሽና የልብ ምት ነው፤ እሱ ከተነካ ሌላው ሁሉ ወሬ ነው። በመጨረሻ ግንባር ጋ ያለውን ትልቁን ክፍል በአውራ ጣቴ ነካ አድርጌ «ይሄስ?» እላቸዋለሁ። ማቀድ፣ መወሰን፣ ራስን መግዛት እያሉ ያነበቡትን ይደረድራሉ። እኔም «በአጭሩ ይሉኝታ የሚኖረው እዚህ ነው» ስል ይስቃሉ፣ ደብተራቸው ላይም ይጽፉታል።

ይህን ቀልድ ለእትዬም ነግሬአት ነበር። ግንባሯን ዳበስ አድርጋ «የእኔማ ሞልቶ ፈስሷል፤ ትንሽ ቆርሰህ ለአለቃህ ስጠው» አለችኝ።

እንግዲህ አላየሁም ብል ዓይኔን ግንባር ያድርገው። አይቻለሁ። መጀመሪያ ሰላምታ መመለስ ተወች። ቀጥላ ለልክ የመጣችን ሴት «ወገብሽን የት ጥለሽው መጣሽ?» አለቻት። ጎረቤቷ ባሏ ሞቶባት ስታለቅስ አጠገቧ ቁጭ ብላ ሳቀች። ሰው መጥቶ ሲነግረኝ እርጅና ነው እያልኩ አልፈው ነበር።

ከዚያ ልጄን ያጨው ልጅ ወላጆች ቤታችን ምሳ ተጠሩ። አባትየው ጡረታ የወጡ ዳኛ ናቸው፤ ሲገቡ ሰው የሚነሳላቸው ዓይነት። እትዬ አጠገባቸው ተቀመጠች። ከሳቸው ሳህን ሥጋ አንስታ ጎረሰችና «በሬ እንኳ ሲያመነዥክ ካንተ ቀስ ይላል» አለቻቸው። ካንተ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ።

እጇን ይዤ እስከ ውጭው በር ወሰድኳትና «ከዛሬ ጀምሮ እህት የለኝም። ዓይንሽን እንዳላይ» አልኳት። እሷ ፈገግ እንዳለች ሥጋው አልቆ እንደሆነ ጠየቀችኝ። ባለቤቴ ከኋላዬ ቆማ ነበር። አንጎልን በሥዕል እንኳ አይታ የማታውቀው ባለቤቴ፣ እትዬ አሟት እንዳይሆን አለችኝ። እኔ፣ የአንጎል ሰውዬው፣ «ጤነኛ ናት። ጥጋብ ነው» ብዬ በሩን ዘጋሁት። የቅርብ ጠበል ልጥ ይነከርበታል ይባላል፤ የእኔ ዕውቀት ከዚያም አልደረሰ።

ሥራ ከጀመርኩ ጀምሮ በየዓመቱ ነጭ ጋውን ትሰፋልኝ ነበር። ካባረርኳት ከአምስት ወር በኋላ ከሱቋ ፊት ለፊት የሚሠራው ጫማ ጠጋኝ የዓመቱን ይዞልኝ መጣ። ስለብሰው እጄ ኪሱ ውስጥ አልገባም። ሁለቱም ኪሶች በአራቱም ጎን ተዘግተዋል፤ ስፌት በስፌት ላይ ተደጋግሞ እንደ ገመድ ወፍሯል። ነገሩ ገባኝ አልኩ። እጅህ ይታሰር ማለቷ ነው። ለሥራ ባልደረቦቼ «ነገረኝነት ማለት ይሄ ነው» እያልኩ አሳየሁትና መጋዘኑ በር ጀርባ ምስማር ላይ ሰቀልኩት። በየቀኑ በአጠገቡ አልፌ ገብቼ፣ ይሉኝታ የት እንደሚኖር ለተማሪ አስተምር ነበር።

ጋውኑን ከሰቀልኩት አሥራ አንድ ወር አለፈ። አንድ ቀን ረፋድ ላይ ጫማ ጠጋኙ ደወለልኝ። እትዬ የስፌት መኪናዋ ላይ ወድቃ ስትንቀጠቀጥ አግኝቷት ሆስፒታል ወስዷታል። ስደርስ ወጣቱ ሐኪም የጭንቅላቷን ምስል መብራት ላይ ሰቅሎ ጠበቀኝ። ከግንባሯ ጀርባ ሎሚ የሚያህል ነጭ እጢ ፊተኛውን ክፍል ወደ ኋላ ገፍቶታል። እጢው ክፉ ዓይነት እንዳልሆነ፣ ቀስ ብሎ ለዓመታት እንዳደገ፣ ተቆርጦ እንደሚወጣ ነገረኝ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «የግራ ዓይናቸውን ነርቭ ተጭኖታል። ከአንድ ዓመት በፊት ቢመጡ ኖሮ ዓይናቸው ይተርፍ ነበር» አለኝ። ሊያጽናናኝ ፈልጎ ነው መሰለኝ፣ የእኔ ተማሪ እንደነበረ፣ ስለ ይሉኝታ የቀለድኩትንም እስከ ዛሬ እንደሚያስታውሰው ጨመረልኝ።

ስድስት ሰዓት ፈጀ ቀዶ ሕክምናው። በሦስተኛው ሳምንት ይሉኝታዋ ተመለሰ። ያወቅኩት ነርሷን «አደከምኩሽ» ስትላት ነው። ከይሉኝታው ጋር ግን የተናገረችው ሁሉ ተከትሎ መጣባት፤ አንዱንም አልረሳችውም። ሻሿ ከግንባሯ እስኪወርድ አለቀሰችና «ጩጬ፣ በሰው ፊት አዋረድኩህ። ይቅር በለኝ» አለችኝ።

እኔም «ይቅር ብዬሻለሁ» አልኳት።

ይህን ነው ማንም የማያውቅልኝ። ማባረሬን ሰው ሁሉ ያውቃል፤ በሽታ መሆኑን ማን አወቀ ብለውም ይተዉልኛል። እኔ ግን ምስሉን አይቼ፣ ሁሉን አውቄ፣ ይቅርታዋን እንደሚገባኝ ተቀበልኩ። አፌ ላይ እውነቱ ነበር፣ ሐኪሙ ቢሰማኝ ምን ይለኛል ብዬ ዋጥኩት።

ድና ስትወጣ የሰደበቻቸውን ሰዎች ቤት ለቤት ይቅርታ ልትጠይቅ ተነሳች፤ ደጋፊዋ እኔ ነኝ። ባሏ የሞተባት ጎረቤት አቅፋ ንግግሯን አስቀረቻት። ዳኛው ከወንበራቸው ተነስተው «እህቴ፣ ይቅርታ የሚጠየቀው ጥፋት ሲኖር ነው። የታመመ ሰው አይከሰስም» አሏት። እኔ ወለሉን አያለሁ። ይቅርታ ከጠየቀቻቸው ሰዎች ሁሉ እንደ ጥፋተኛ ይቅር ያላት ወንድሟ ብቻ ነው።

ባለፈው ወር ሥራ ቦታዬ ድረስ መጣች። የፎርማሊኑን ሽታ ስለማትችለው ከዚያ በፊት ረግጣው አታውቅም። መርፌ ላይ ክር የማስገባላት አሁን እኔ ነኝ፤ ቢሆንም አዲስ ጋውን ሰፍታልኛለች። ልትሰቅለው የመጋዘኑን በር ገፋ ስታደርግ አሮጌውን አገኘችው። አውርዳ ስፌቱን በጣቷ ዳበሰች፣ ወደ ቀኝ ዓይኗ አስጠጋች፣ ደግማ ዳበሰች።

«ይሄን የሰፋሁት እኔ ነኝ?» አለች።

«አንቺ ነሽ።»

«መቼ ነው የደረሰህ?»

ነገርኳት። ጣቶቿ ወራቱን ሲቆጥሩ አየሁ። ልብስ ሰፊ እንዲህ ያለ ስፌት ሲያይ የሰፋው ሰው እንደታመመ ያውቃል፤ እሷም አወቀች። ወንበር ስባ ተቀመጠች፣ ከቦርሳዋ ትንሿን መቀስ አወጣችና ኪሱን መፍታት ጀመረች።

ከዚያ በኋላ ዝም ማለት አልቻልኩም። የሰደበችኝ መስሎኝ እንደሰቀልኩት፣ ሰው ጠርቼ እንዳሳየሁት፣ ባለቤቴ አስጠንቅቃኝ እንደነበር ነገርኳት። «እትዬ፣ ሆስፒታል ያን ቀን ይቅር በይኝ ማለት የነበረብኝ እኔ ነኝ። ዓይንሽን ያጠፋሁት እኔ ነኝ» አልኳት።

ያ እጢ አሁንም ግንባሯ ውስጥ ቢኖር ኖሮ የሚገባኝን ትነግረኝ ነበር። በሬ ትለኝ ነበር፣ ከበሬም በታች። እንድትለኝ በልቤ እየለመንኩ ጠበቅኩ።

«ኧረ ምን አድርገኸኝ ጩጬ» አለች። ያንን ድምፅ አውቀዋለሁ፤ ጫማው እየጠበባት ለሻጩ «አዎ፣ ልክ ነው» ያለችበት ነው። የመጨረሻውን ክር ነቀለች፣ እጇን ኪሱ ውስጥ ከትታ ሞከረችና አዲሱን ትታ አሮጌውን ጋውን አለበሰችኝ። እጅጌውን ወደ ታች እየሳበች፣ ፊቴን ሳታይ፣ «አጥሮብህ ከሆነ የእኔ እጅ ነው የተሳሳተው» አለችኝ።